«ፓፑዋኛ» የሚባል ቋንቋ አለ ወይ? የኒው ጊኒ ቋንቋዎች አመዳደብ

ሰዋስው_ወዳጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው እዚሁ መድረክ ላይ «ፓፑዋኛ ስንት ተናጋሪ አለው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ማንም ሳይመልስለት ክሩ ወደ ታች ወረደ። እኔ ግን ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል ብዬ ይህንን ከፈትኩ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ፓፑዋኛ» የሚባል አንድ ቋንቋ የለም። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ «ፓፑዋዊ» የሚባል አንድ የቋንቋ ቤተሰብም አለመኖሩ ነው።

ኒው ጊኒ ከግሪንላንድ ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት። ያለችው ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ነው። ምዕራቧ የኢንዶኔዥያ ነው። ምሥራቋ በ1975 ነፃ የወጣችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ናት። በዚህች አንድ አገር ብቻ ከ800 በላይ ቋንቋ ይነገራል። እኛ ከ80 በላይ ቋንቋ አለን ብለን እንኮራለን አይደል? እነሱ ዐሥር እጥፍ አላቸው፤ ሕዝባቸው ግን ከእኛ በብዙ እጥፍ ያንሳል።

ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ክፍል ዘመዱ በደንብ ይታወቃል። አውስትሮኔዥያዊ ይባላል፤ የማላይ፣ የማዳጋስካርና የሃዋይ ቋንቋዎች ወገን ነው። ተናጋሪዎቹ ከ3000 ዓመት በፊት ገደማ በጀልባ መጥተው በአብዛኛው ዳር ዳሩን የሰፈሩ ናቸው። ከዚያ የተረፈው ሁሉ «ፓፑዋዊ» ተባለ።

እንግዲህ ስሙ የተረፈውን ሁሉ የሚይዝ ነው ማለት ነው። ሠርግ ቤት ገብታችሁ የሙሽራውን ዘመዶች በአንድ በኩል አስቀመጣችሁ እንበል። ድንኳኑ ውስጥ የቀረውን ሰው ሁሉ «የሙሽሪት ዘመድ ነው» ትላላችሁ? ከቀሩት ውስጥ እድርተኛ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የሥራ ባልደረባ አለ፣ መንገድ ላይ ሙዚቃ ሰምቶ የገባም አለ። ፓፑዋዊ የሚባሉት ወደ 800 የሚጠጉ ቋንቋዎችም እንደዚያ ናቸው። አንዳንዶቹ እውነተኛ ወንድማማቾች ናቸው። አንዳንዶቹ የሩቅ ዘመድ ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በምድር ላይ ዘመድ ያልተገኘላቸው ናቸው።

ይህን ልዩነት በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀመጠው ሲድኒ ሬይ የሚባል የለንደን አስተማሪ ነው፣ በ1892። ሥራው ልጆች ማስተማር ነበር። በትርፍ ጊዜው ከኒው ጊኒ የመጡ የቃላት ዝርዝሮችን እያነጻጸረ ሲቀመጥ፣ አንዱ ክፍል ከደሴቶቹ ቋንቋዎች ጋር ጭራሽ እንደማይገጥም አየ። በኋላ በ1898 ከካምብሪጅ የጥናት ቡድን ጋር በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ወዳለው የቶረስ የባሕር ሰርጥ ሄዶ በዓይኑ አይቷል።

የምታውቁትን ጨምሩ። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ።

ጥያቄ_አለኝ

በጣም ደስ የሚል ርዕስ ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። «ዘመድ ነው»፣ «ዘመድ አይደለም» የሚሉት በምን ለክተው ነው? ቃሉ ስለተመሳሰለ ነው?

መምህር_ጡረተኛ

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል አማርኛና ግዕዝ ሳስተምር ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኝ ነበር። የቃል መመሳሰል ብቻውን አይበቃም።

ጠረጴዛን ውሰድ። ቃሉ የግሪክ ነው። ስለዚህ አማርኛና ግሪክኛ ዘመዶች ናቸው እንላለን? አንልም። ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ ቃል ነው። ዕቃ፣ ሃይማኖትና ንግድ ቃል ያመላልሳሉ።

አሁን ደግሞ ይህን ተመልከት። በግዕዝ «ኮነ»፣ በአማርኛ «ሆነ»። በግዕዝ «ኵሉ»፣ በአማርኛ «ሁሉ»። በግዕዝ «ክልኤ»፣ በአማርኛ «ሁለት»። ቃሎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ግን «ከ» በነበረበት «ሀ» ቁጭ ብሏል፣ ያውም በአንድ ቃል ብቻ ሳይሆን በተደጋጋሚ። ዘመድነትን የሚያሳየው ይህ ነው፤ ልዩነቱ ራሱ ሥርዓት ሲኖረው። «እድ» እና «እጅ»ም እንዲሁ ናቸው። ትግርኛ «ኢድ» ይላል፣ ዓረብኛ «የድ»፣ ዕብራይስጥ «ያድ»። እጅን ከገበያ የሚገዛ ሰው የለም፤ ቃሉም አብሮ የተወለደ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ በመጀመሪያ እንደ እጅ፣ ጆሮ፣ መብላት፣ መሞት ያሉ ቃሎችን ይሰበስባሉ። ቀጥለው ድምፁ በሥርዓት መለወጡን ይመረምራሉ። የኒው ጊኒ ችግር የመጀመሪያው ሥራ ራሱ ገና አለማለቁ ነው። ብዙዎቹ ቋንቋዎች አጭር የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው ያላቸው፤ መዝገበ ቃላትም ሰዋስውም አልተጻፈላቸውም።

ጥያቄ_አለኝ

«ኮነ» እና «ሆነ» ዘመድ መሆናቸውን ዛሬ ነው ያወቅኩት! አመሰግናለሁ ጋሼ።

ሰዋስው_ወዳጅ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎ ከተናገሩበት ልቀጥል።

ሬይ በር ከከፈተ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትልቅ እርምጃ አልነበረም። የደሴቷን መሃል ደጋ የውጭ ሰው በደንብ ያየው በ1930ዎቹ ነው። ወርቅ ፈላጊዎች ባዶ ነው ብለው ያሰቡትን ተራራ ሲሻገሩ፣ በእርሻ የተሞላ ሸለቆና እጅግ ብዙ ሕዝብ ጠበቃቸው። የቋንቋ ጥናቱ የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው። በተለይ በ1960ዎቹና 70ዎቹ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ማዕከል ሆነ። መሪው ቡዳፔስት የተወለደው ስቲቨን ዉርም ነበር።

በ1970 ማኬልሃኖንና ፎርሁቨ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። በስተምሥራቅ ሁዎን በሚባለው ልሳነ ምድር ያሉ ቋንቋዎችና ከእነሱ ርቀው በመሃልና በደቡብ ያሉት የጋራ ቃሎች አሏቸው። ይህንን «ትራንስ ኒው ጊኒ» አሉት። ደሴቷን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ቤተሰብ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ዉርም አሰፋው፣ በጣም አሰፋው። በ1975 ባወጣው ትልቅ ሥራ ወደ 500 ገደማ ቋንቋዎችን በዚህ ስም ሥር አስገባ። መለኪያው በአብዛኛው የጋራ ቃሎች መቶኛ ነበር፤ መቶኛው ደግሞ ዝቅተኛ ነበር። ጋሼ እንዳሉት የተዋሱት ቃልና አብሮ የተወለደው ቃል በመቶኛ ውስጥ አይለይም።

በ1986 ዊሊያም ፎሊ መጥቶ «ቆይ እስቲ» አለ። በጥንቃቄ የተረጋገጠውን ብቻ ልቁጠር ብሎ ሲቆጥር ከ60 በላይ ትናንሽ ቤተሰቦች ቀሩ። አስቡት፣ በአንድ ደሴትና በአካባቢዋ ከ60 በላይ ቤተሰብ! በሴፒክ ወንዝ በኩል ዶናልድ ላይኮክ «ሴፒክ-ራሙ» ብሎ ያሰባሰበውንም ትልቅ ቡድን በኋላ የለያየው ፎሊ ነው።

እኔ ለፎሊ ክብር አለኝ። ትልቅ ካርታ መሳል ያስደስታል፤ ካርታውን መልሶ መቆራረጥ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

አርባምንጭ_ነኝ

እዚህ ላይ ከእኛ ጋር የሚያያዝ ታሪክ አለ። ጆሴፍ ግሪንበርግን የማያውቅ የቋንቋ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የአፍሪካን ቋንቋዎች በአራት ቤተሰብ የመደበው እሱ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛና ሐውሳ በአንድ «አፍሮ-እስያዊ» ጥላ ሥር የምንማራቸው፣ አኙዋክና ኑዌር «አባይ-ሰሃራዊ» የሚባሉት ከእሱ በ1963 ከታተመ ምደባ በመነሣት ነው።

ያው ሰው በ1971 ወደ ፓስፊክ ዞረ። «ኢንዶ-ፓስፊክ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። የኒው ጊኒን ፓፑዋዊ ቋንቋዎች ሁሉ፣ ከሕንድ በስተምሥራቅ ያሉትን የአንዳማን ደሴቶች ቋንቋዎችና ጥቂት ቃል ብቻ ተጽፎላቸው የጠፉትን የታዝማኒያ ቋንቋዎች በአንድ ላይ ጠቀለለ። ዘዴው አንድ ነበር፤ ብዙ ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት። በአፍሪካ ብዙው ነገር ተያዘለት። በፓስፊክ ግን ዛሬ የሚቀበለው ባለሙያ ብዙም የለም።

ስለ አገሩ ስምም አንድ ነገር ልበል። በ1545 ኦርቲዝ ደ ሬቴዝ የሚባል ስፔናዊ መርከበኛ ደሴቷን «ኒው ጊኒ» ያላት ሰዎቹ የአፍሪካ ጊኒን ሰዎች ስለመሰሉት ነው። በመልክ ስም ወጣ። ሰውን በመልክ መመደብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም። መልክ ለቋንቋ ዝምድና ምንም አይነግረንም።

የኦሞ ቋንቋዎችም ታሪክ አላቸው። የእኛ ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ከፊኛ ድሮ «ምዕራብ ኩሻዊ» ነበር የሚባሉት። ሃሮልድ ፍሌሚንግ በ1969 ራሳቸውን የቻሉ ቅርንጫፍ ናቸው አለ፤ ኦሞአዊ የሚለው ስምም ጸደቀ። አሪኛና ሐመርኛ በእርግጥ እዚያ ውስጥ ይገባሉ ወይ የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል። ስለዚህ የኒው ጊኒ ክርክር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በገዛ ቤታችን የምናውቀው ነው።

ትርንጎ_ከሜልቦርን

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም። ሜልቦርን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ክሩን ያነበብኩት አብራኝ የምትሠራ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ልጅ ስላለች ነው።

የሌሊት ተራ ስንገባ አንዳንዴ የእሷን ቋንቋ ታስተምረኛለች። «ዋንቶክ» የሚል ቃል አላቸው። የአንድ ቋንቋ ሰው፣ የአገር ልጅ ማለት ነው። «ዋንቶክህ ከተቸገረ አትተኛም» አለችኝ። እኛ የአገሬ ልጅ ስንል ያለው ስሜት ነው፤ በጣም ነካኝ። ሌላው ያስገረመኝ «እኛ» ሁለት መሆኑ ነው። አንቺንም ጨምሮ ከሆነ «ዩሚ» ነው። አንቺን ሳይጨምር ከሆነ «ሚፔላ»። አንድ ቀን «ዩሚ ጎ» አለችኝ፤ ጥሪ መሆኑ ገባኝና ተነሣሁ።

ይህ ፓፑዋዊ ነው?

ሰዋስው_ወዳጅ

ትርንጎ እህቴ፣ እንኳን መጣሽ! አይደለም። የነገርሽን ቶክ ፒሲን ነው። ቃሉ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ነው የመጣው። በቅኝ ግዛት ዘመን በእርሻ ጣቢያዎች ላይ የተለያየ ቋንቋ ያላቸው ሠራተኞች ሲገናኙ የተወለደ መግባቢያ ነው፤ ዛሬ ከአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። «ዋንቶክ» ራሱ «አንድ ንግግር» ማለት ነው። ሁለቱ «እኛ» ደግሞ የመጣው ከአውስትሮኔዥያዊዎቹ ነው። አካል ከአንዱ፣ ልብስ ከሌላው እንደሚባለው ዓይነት ነው።

የአካባቢ ቋንቋን በቶክ ፒሲን «ቶክ ፕሌስ» ይሉታል። ጓደኛሽን ቶክ ፕሌሷ ምን እንደሆነ ጠይቂልን። የእናቷ ቤት ቋንቋ ማለት ነው። እሱ ነው ፓፑዋዊ የመሆን ዕድል ያለው።

ቀን_ሲመሽ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ከላይ ያላችሁት ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬም «ትራንስ ኒው ጊኒ» እየተባለ በየካርታው ይሳላል። ፎሊ ከቆራረጠው ምን ተገኝቶ ተመለሰ?

ሰዋስው_ወዳጅ

ጥሩ። የተመለሰው በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው አንድሩ ፖውሊ የሚባል የኒውዚላንድ ሊቅ የሠራው ነው። ጋሼ የነገሩንን የድምፅ ሥርዓት ተከትሎ የጥንቱን ቋንቋ ቃሎች መልሶ ለመሥራት ሞከረ። «መብላት» *ና-፣ «መሞት» *ኩም-፣ «ቅማል» *ኒማን፣ «ጡት» *አሙ። ኮከቡ ምልክት «የተጻፈ ሳይሆን የተሰላ» ማለት ነው። ቅማል እዚያ ውስጥ መግባቱ ትክክል ነው። ቅማል ከሰው ጋር አብሮ ስለሚኖር ስሙን ከውጭ የሚዋስለት የለም።

ሁለተኛው ማልኮም ሮስ በ2005 ያወጣው ጥናት ነው። ከ600 በላይ ፓፑዋዊ ቋንቋዎችን ሰበሰበና መራሕያንን ብቻ ተመለከተ፤ እኔን፣ አንተን፣ እሱን። ሰው «ቴሌቪዥን» የሚለውን ቃል ይዋሳል፤ «እኔ» የሚለውን ግን እምብዛም አይዋስም። በትራንስ ኒው ጊኒ የጥንቱ «እኔ» *ና፣ «አንተ» *ንጋ ነበር ይላል። በሁዎን ያለውን ካቴ የሚባል ቋንቋ ብታዩ «እኔ» ኖ፣ «አንተ» ጎ ነው። በዚህ መለኪያ ሮስ ሃያ ከምናምን ቤተሰቦች ለየ። ትልቁ ትራንስ ኒው ጊኒ ነው። ከዉርም ያነሰ፣ ከፎሊ የሰፋ። ዘመድ ያልተገኘላቸውንም ለብቻቸው ተዋቸው።

ጥያቄ_አለኝ

ቆይ፣ «እኔ» እና «ና»! እኛም «ነ» አለን እኮ። ዓረብኛ «አና»፣ ግዕዝ «አነ»። ታዲያ እኛስ የእነሱ ዘመድ አንሆንም?

መምህር_ጡረተኛ

ልጄ፣ ጥርጣሬህ ጥሩ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ተከተለው። የእኛ ጎን የጥንት ቅርጹ ይታወቃል። የጥንቱ የባቢሎን ቋንቋ አካድኛ «አናኩ» ይላል፣ የቆየው ዕብራይስጥ «አኖኪ»። «ሰበርኩ» ስትል መጨረሻ ላይ ያለችው «ኩ» የዚያች ትሩፋት ናት። ስለዚህ የእኛ «እኔ» ሲመረመር «ነ» ብቻዋን አትገኝም፤ «ከ»ም ነበረች። «አንተ»ን ደግሞ ከ«ጎ» ጋር አስተያይ። በምንም አይገጥምም።

«ነ» በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የበዛች ቀላል ድምፅ ናት። በአጋጣሚ መገናኘት አለ። ለዚህ ነው አንድ መራሒ ሳይሆን ጠቅላላ ሥርዓቱን የሚያዩት፤ እኔን፣ አንተን፣ እሱን፣ እኛን በአንድ ላይ።

ቀን_ሲመሽ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ግን ያው ክርክር በሮስም ላይ ይሠራል እኮ። መራሒ አጭር ቃል ነው፤ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ። በ600 ቋንቋ ውስጥ «ና» የሚል መገኘቱ ምን ይደንቃል? መራሒ አይዋስም የሚለውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። እንግሊዝኛ «እነሱ» የሚለውን ቃል ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ነው የወሰደው።

ዘመኑም አለ። ሰው በዚያ ምድር ወደ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ኖሯል። የቃል ንጽጽር ደግሞ ከ10 ሺህ ዓመት ወዲያ ዱካው ይጠፋል። ምናልባት ሁሉም ከአንድ ምንጭ ተነሥተው ይሆናል፤ ምናልባት አይሆንም። ቋንቋው ራሱ አይነግረንም።

ሰዋስው_ወዳጅ

ስለ ዘመኑ እስማማለሁ። ለዚህም ነው ሮስ ራሱ ሥራውን «ቅድመ ምርመራ» ያለው። የት መቆፈር እንዳለብህ ያሳያል እንጂ ቁፋሮው አላለቀም። በሌላ በኩል ትራንስ ኒው ጊኒ የ50 ሺህ ዓመት ነገር ነው ያለ የለም። በኒው ጊኒ ደጋ፣ ዋህጊ ሸለቆ ውስጥ ኩክ የሚባል ረግረግ አለ፤ በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰዎች ከሺህዎች ዓመታት በፊት ቦይ እየቆፈሩ ጎደሬና ሙዝ ያለሙበት ቦታ ነው። እርሻን ራሳቸው ከጀመሩ ጥቂት የዓለም ማዕዘናት አንዱ ነው። ቋንቋው የተስፋፋው ከገበሬው ጋር ነው የሚል ግምት አለ። እኔን ያሳምነኛል። ሰው ሲበዛና መሬት ሲፈልግ ቋንቋውን ይዞ ነው የሚሄደው።

አርባምንጭ_ነኝ

ሰዋስው ላይም ማታለያ አለ። አብዛኞቹ ትራንስ ኒው ጊኒ ቋንቋዎች ግስን መጨረሻ ያደርጋሉ፤ እንደ እኛ። ከዚህም በላይ «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ሄደ» ብለን በቦዝ አንቀጽ እንደምንደረድረው ይደረድራሉ። አንዳንዱ ታሪክ እስኪያልቅ ዓረፍተ ነገሩ አይዘጋም። ልዩነቱ አብዛኞቹ ቋንቋዎች ግሱ ላይ ምልክት ማድረጋቸው ነው፤ ቀጣዩን የሚያደርገው ያው ሰው ከሆነ አንድ፣ ሌላ ሰው ከሆነ ሌላ። «ገብቶ በላ» ስትል የበላው የገባው ሰው ይሁን ሌላ ሰው ከግሱ ይታወቃል።

ወላይትኛ ተናጋሪዎች ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። እኛም አለን እኮ! ባለቤቱ ያው ሲሆን «-ኢዲ» ወይም «-አዳ»፣ ሲለወጥ «-ን»። ከኒው ጊኒ ጋር ግን የሥጋ ዝምድና የለንም። አማርኛ ራሱ ግሱን መጨረሻ ማድረጉን ያመጣው ከኩሻዊ ጎረቤቶቹ ነው ይባላል፤ ግዕዝ እንደዚያ አልነበረም። ጎረቤት ሰዋስውም ይሰጣል።

ኪያ_ናዝሬት

እኔ ደግሞ የምጨምረው ለምን ይህን ያህል እንደተለያዩ ነው። ብዙ ጊዜ ተራራና ጫካ ስለለያያቸው ነው ይባላል። እውነትነት አለው፤ ግን አይበቃም። ሰዎቹ በጋብቻም በንግድም ይገናኛሉ፤ ሦስት አራት ቋንቋ የሚችለው ሰው ብዙ ነው።

አንዳንዴ ሰዎች ሆን ብለው ነው የሚለያዩት። ከላይ የተነሣው ማኬልሃኖን ሰሌፔት በሚባል ቋንቋ ያየውን ጽፏል። አንድ መንደር ሰዎች ተሰብስበው ከሌሎቹ መንደሮች የተለየን እንሁን ብለው ተስማሙ። «አይደለም» የሚለውን ቃላቸውን «ቢያ»ን ጥለው «ቡንገ» ማለት ጀመሩ። በስብሰባ! ላይኮክ ደግሞ በቡገንቪል ደሴት ቡዊን በሚባል ቋንቋ ውስጥ አንድ ቀበሌኛ አገኘ። ጎረቤቶቹ በወንድ ጾታ የሚጠሩትን በሴት፣ በሴት የሚጠሩትን በወንድ ገልብጦታል። ሁሉንም!

ሌላው የአማት ስም ነው። በብዙ የኒው ጊኒ ማኅበረሰብ የአማትን ስም መጥራት ነውር ነው። ስሙ የዕቃ ስም ከሆነ ዕቃው ሌላ ስም ይፈለግለታል። ከምባታ ያደገ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ያገቡ ሴቶች የአማታቸው ስም በሚጀምርበት ፊደል የሚጀምር ቃል የማይጠሩበት ወግ ነበር። እንዲህ ቃል በየትውልዱ በሚቀያየርበት አገር የቃል ንጽጽር ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

መምህር_ጡረተኛ

ኪያ ልጄ፣ ተባረኪ። የስብሰባውን ታሪክ አላውቀውም ነበር።

ሰዋስው_ወዳጅ

ዘመድ ስላልተገኘላቸውም ጥቂት ልበል፤ ልቤ ከእነሱ ጋር ነው። በሮሰል ደሴት ዬሊ ድንዬ የሚባል ቋንቋ አለ። ስቲቨን ሌቪንሰን ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። 90 ገደማ የሚለያዩ ድምፆች አሉት፤ አንዳንዶቹ ከንፈርና ምላስ በአንድ ጊዜ የሚሠሩባቸው። ከዚያ በስተሰሜን ቡገንቪል ላይ ደግሞ፣ ዘመድ ያለው ቢሆንም፣ ሮቶካስ አለ። እሱ በ12 ፊደል ተጽፎ ያልቃል። እንደ «መ» እና «ነ» ያሉ ድምፆች እንኳ ራሳቸውን ችለው አይቆሙበትም። እኛ ከ200 በላይ ፊደል ስንቆጥር ያደግን ሰዎች ይህንን ስንሰማ ቆም ማለታችን አይቀርም።

ጋፑን በምትባል መንደር የሚነገር ታያፕ የሚባል ቋንቋም አለ። ዘመድ የለውም። ተናጋሪዎቹ ጥቂት አሥሮች ብቻ ናቸው። ዶን ኩሊክ የሚባል ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተመላለሰ ሲያይ ልጆቹ አፋቸውን በቶክ ፒሲን ፈቱ። ያ ቋንቋ ሲጠፋ ከአንድ ቤተሰብ አንድ አባል አይደለም የሚጠፋው። ቤተሰቡ ራሱ ነው።

ትርንጎ_ከሜልቦርን

ተመልሻለሁ! ትናንት ሌሊት ጠየቅኳት። ቶክ ፕሌሷ እንጋ ነው አለችኝ። ዋባግ ከሚባል ከተማ አጠገብ ነው የተወለደችው። ቋንቋዋን ስጠይቃት ፊቷ በራ።

ስልኬ ላይ የጻፍኩትን ልንገራችሁ። «እኔ» ናምባ። «አንቺ» ኤምባ። ጆሮዋን ይዛ «ካሌ» አለችኝ። «መሞት» ኩሚንጊ። «መብላት» ኔንጌ። አሳማ ደግሞ «ሜና»። አሳማ ለእነሱ ትልቅ ሀብት ነው አለችኝ፤ ጥሎሽም ዕርቅም በእሱ ነው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። «አለ» ለማለት ወንድ ከሆነ «ቆሟል» ነው የሚሉት። ሴት ከሆነች «ተቀምጣለች»። አልጋ ላይ ተኝቶም ወንዱ በቋንቋው ቆሟል።

ቀን_ሲመሽ

«ኤምባ» ከ*ንጋ ጋር አይሄድም፤ ይህን ልብ በሉ። «ናምባ» ግን ከ*ና ጋር ይሄዳል። ኩም-ን አልክድም።

መምህር_ጡረተኛ

ትርንጎ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ማስታወሻሽን አትጣይው።

እንጋ ትልቅ ቋንቋ ነው፤ ከ200 ሺህ ሰው በላይ ይናገረዋል። ከእሱ በስተደቡብ ምዕራብ ሁሊ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። እንጋ ለጆሮ «ካሌ» ሲል ሁሊ «ሃሌ» ይላል። እንጋ ለመሞት ኩም- ሲል ሁሊ ሆማ- ይላል።

አየሽው? «ከ» በነበረበት «ሀ»። «ኮነ» እና «ሆነ»፣ «ኵሉ» እና «ሁሉ»። በሁለት ቃል ብቻ አይፈረድም፤ ሊቃውንቱ በአሥሮች የሚቆጠር ጥንድ ይፈልጋሉ። ነገር ግን እኛ አገር የሆነው የድምፅ ለውጥ ዓይነት እነሱም ተራራ ላይ ሆኗል። ሰው አፍ ውስጥ ያለው ጉሮሮና ላንቃ አንድ ዓይነት ነውና።

ትርንጎ_ከሜልቦርን

ጋሼ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። አሳማስ? ሁሊዎች «ሄና» ይሉታል ማለት ነው?

መምህር_ጡረተኛ

አይሉም። «ኖጎ» ነው የሚሉት። ደግሞም «ሜና» በ«መ» ነው የሚጀምረው፤ ሥርዓቱ የሚነካው «ከ»ን ነው።

ትርንጎ_ከሜልቦርን

እሺ ጋሼ። ማክሰኞ የሌሊት ተራ አብረን ነን። ቅማልን፣ ጡትንና እጅን ልጠይቃት ነው። ሌላ የምትፈልጉት ቃል ካለ እስከ ሰኞ ማታ ጻፉልኝ።

ጥያቄ_አለኝ

«ሁለት»ን ጠይቂልኝ።